ካርታ ያልነበራቸው ቦታዎቻችን
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ክፍል ወደ መድረክ ሲወጣ የሚጠበቀው የገቢና የወጪ ቁጥር ነው። የዓመቱ ሂሳብ ተመርምሮ በየእጃችሁ ደርሷል፤ ጥያቄ ያላችሁ ከሻይ በኋላ እንነጋገራለን። አሁን የምንናገረው በቢሯችን መደርደሪያ ላይ ከደረሰኝ ጥራዞች ጎን ስለተቀመጡት አራት የፎቶግራፍ አልበሞች ነው። አባላት “ፎቶና ሂሳብን ምን አገናኛቸው?” እያላችሁ ስትጠይቁን ቆይታችኋል። ደጋፊዎቻችንም ቢሮውን ስትጎበኙ አልበሞቹን ገልጣችሁ “ለምን ያው ዘጠኝ ቦታ ብቻ ይደጋገማል?” ብላችኋል። ዛሬ ለሁለቱም ጥያቄ መልስ እንሰጣለን፤ በመጨረሻም ጉባኤው እንዲወስንባቸው ሦስት ሐሳቦች እናቀርባለን።

አልበሙ እንዴት ተጀመረ

ማኅበራችን በየዓመቱ ሰኔ 30 ንብረት ይቆጥራል። ምጣዱ፣ ብረት ድስቱ፣ የፕላስቲክ ወንበሩ፣ ድንኳኑ፣ የስፌት መኪናው አንድ በአንድ ተቆጥሮ መዝገብ ላይ ካለው ጋር ይመሳከራል። በ2006 ቆጠራ ላይ ለየዕቃው አንድ አንድ ፎቶ እንዲያያዝ ተወሰነ። “ምጣድ፣ አንድ፣ አሮጌ” ተብሎ ቢጻፍ የትኛው ምጣድ እንደሆነ አይታወቅምና።

ምጣዱ ፎቶ ሲነሳ ማድ ቤቱም አብሮ ተነሳ። በሚቀጥለው ዓመት የማድ ቤቱ በር፣ ከዚያም በሩ ፊት ያለው ቦኖ ተነሳ። በሦስተኛው ዓመት ዘጠኝ ቦታዎች ተመርጠው በዝርዝር ተጻፉ፦ ቦኖው፣ የጋራ ማድ ቤቱ፣ የጋራ መጸዳጃው፣ የጉሊት መደዳው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የእድሩ ዕቃ ቤት፣ ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣው ቁልቁለት፣ የቢሯችን በርና የቤተ ክርስቲያኑ በር። ከዚያ ጀምሮ በየዓመቱ ሰኔ 30 ከዚያው ቦታ ቆመን፣ ወደዚያው አቅጣጫ ዞረን ስናነሳ ኖርን።

ታሪክ እንጽፋለን ብሎ ያሰበ አልነበረም። የያዝነው ቆጠራ ነበር። በ2017 መጀመሪያ የካዛንቺስ ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ ግን ከዘጠኙ ቦታዎች ስምንቱ ከመሬት ላይ ጠፉ። የቀረው የቤተ ክርስቲያኑ በር ብቻ ነው። አባሎቻችን ገላን፣ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ ተበትነው የሚኖሩ ሆኑ። ያን ጊዜ ነው የቆጠራው ፎቶ ከምጣዱ ዋጋ በላይ የሆነው።

ከተማችን ስትለወጥ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም

አዲስ አበባ በ1879 እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት ካሠሩ ጀምሮ መልኳን ስትለዋውጥ ኖራለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማገዶ እጥረት ከተማዋን ሊያስለቅቅ ደርሶ ነበር፤ አፄ ምኒልክም አዲስ ዓለምን ቆርቁረው ወደዚያ ለመዛወር አስበው ነበር። ከዚያ ባሕር ዛፍ መጣና ከተማዋ በቦታዋ ጸናች። ዛሬ እንጦጦን ያለ ባሕር ዛፍ ማሰብ ይቸግራል። የዚያን ዘመን ፎቶግራፎች ግን ዙሪያው ኮረብታ የተራቆተ እንደነበረ ያሳያሉ። እነዚያ ፎቶዎች ባይኖሩ “ዛፉ ከጥንትም የነበረ ነው” ብንል የሚያርመን ባልተገኘ ነበር።

ገበያውም እንዲሁ ነው። ትልቁ ገበያ ቀድሞ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከዚያ ተነስቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ተዛወረ። ፒያሳ፣ ፖፖላሬ፣ ካዛንቺስ የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። የኛው ካዛንቺስ እንኳ “ካዛ” ማለትም ቤት ከሚለው ቃልና ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ያሠራ ከነበረው ድርጅት ምሕጻረ ስም የተገጣጠመ ነው። ባቡር ከተማችን የገባው በ1909 ነው። ለገሃር የሚለው ስም ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን ከጠሩበት ቃል የመጣ ነው። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር በ2009 ሲመረቅ መነሻው ከከተማው ዳር ሆነ፤ ታክሲው ግን ዛሬም “ለገሃር! ለገሃር!” እያለ ይጣራል።

ሐውልትም ይነሳል። በደርግ ዘመን የቆመው የሌኒን ሐውልት በ1983 ወረደ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለቀላል ባቡሩ ግንባታ ሲባል በ2005 ተነስቶ በ2008 ተመልሶ ቆመ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ልደታ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሆነ። በ2016 ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ተነሳ። በ2017 ተራው የኛ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ስም በሰው አፍ ላይ ይቆያል። ሰንጋ ተራ ዛሬ ሰንጋ የሚሸጥ የለም፤ አሮጌው ቄራ ከብት አይታረድም፤ ስሙ ግን አለ። የቦታው መልክ ግን በአፍ አይቆይም። አምስት የሰፈራችን ሰዎች ተቀምጠው ቦኖው ከወፍጮ ቤቱ በስተቀኝ ነበር ወይስ በስተግራ ብለው ሲከራከሩ ሰምተናል፤ ሰፈሩ ከተነሳ ገና ዓመት ሳይሞላው ማለት ነው። አባቶቻችን “በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ያሉት ለፎቶም ይሠራል።

ፎቶ የተነሳውና ያልተነሳው

አገራችን ፎቶግራፍ አጥታ አታውቅም። ቦያጂያን የሚባሉት አርመናውያን አባትና ልጆች ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ነገሥታቱን፣ መኳንንቱን፣ በዓላቱን ያየነው በእነሱና በመሰሎቻቸው ሥራ ነው። አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒ ዤራር ስለ አዲስ አበባ ቀደምት ሕንፃዎች ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥም የድሮ ቤቶቹን መልክ ማየት ይቻላል። እነዚህ ሰዎች ባይደክሙ ኖሮ ብዙ ነገር ዛሬ አናውቅም ነበር።

በሌላው ዓለምም ከተሞች ሲፈርሱ ፎቶ ማስነሳት የቆየ ልማድ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1860ዎቹ ፓሪስ ጠባብ መንገዶቿን አፍርሳ ሰፋፊ ጎዳናዎች ስትዘረጋ፣ ሻርል ማርቪል የተባለ ፎቶ አንሺ መንገዶቹን ከመፍረሳቸው በፊት እንዲያነሳ ያዘዘው ራሱ የከተማው አስተዳደር ነበር።

ለኛ ለሂሳብ ሰዎች ከሁሉም የሚጥመን ግን የኒውዮርክ ታሪክ ነው። ከ1939 እስከ 1941 ባሉት የአውሮፓውያን ዓመታት ከተማው ለንብረት ግብር ትመና ሲል በከተማው ያለውን ሕንፃ ሁሉ አንድ በአንድ ፎቶ አስነሳ። ቁጥሩ ከ700 ሺህ በላይ ነው። ቤቱ ቆንጆ ይሁን አስቀያሚ፣ የሀብታም ይሁን የድሃ አልተለየም፤ ግብር የሚከፈልበት ከሆነ ይነሳል። ሥራው የተሠራው ለግብር እንጂ ለታሪክ አልነበረም። ዛሬ ግን ሰዎች አያቶቻቸው የኖሩበትን ቤት ሊያዩ ሲፈልጉ የሚሄዱት ወደዚያ የግብር መዝገብ ነው። የሰኔ 30 ቆጠራችንም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ነገር ግን ልብ በሉ። ነገሥታቱ ተነሱ፣ ሕንፃዎቹ ተነሱ፣ ግብር የሚከፈልባቸው ቤቶችም ተነሱ። ቦኖው ለማን ነው የተመዘገበው? ጉሊቱስ? በእኛ ሰፈር ቤት ካርታ ነበረው፤ ቢያንስ የቀበሌ ቤት ቁጥርና የኪራይ ደብተር ነበረው። እናቶቻችን ሃያ ዓመት ሽንኩርትና ቲማቲም የሸጡባት አንድ ሜትር መሬት ግን ካርታም፣ ቁጥርም፣ ደብተርም አልነበራትም። ለስድስት ቤተሰብ በየተራ እንጀራ የሚጋገርበት ማድ ቤት በየትኛውም ፕላን ላይ “ማድ ቤት” ተብሎ አልተጻፈም። ቡና የሚፈላበት የአጥር ጥግም እንደዚያው ነው። የሴት ሥራ የሚበዛው ካርታ በሌለው ቦታ ላይ ነበር። ካርታ የሌለው ቦታ ሲነሳ ደግሞ እዚያ መኖሩን የሚናገር ወረቀት አይተርፍም።

አሁን በስልክ ላይ ጉግል ኧርዝን ከፍቶ የከተማውን የድሮ የሳተላይት ምስል ማየት ይቻላል። አይተነዋል። የሰፈራችን ቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ ይታያል። ከጣሪያው በታች ማን ምን ትሠራ እንደነበር ግን ከሰማይ አይታይም።

ሕጉ ራሱ ይህን ነገር አልዘነጋውም። የመሬት ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ የሚከፈለውን ካሳ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከቤቱና ከንብረቱ ሌላ ስለ ማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ይናገራል። ጉርብትና፣ እድርና ደንበኛ ዋጋ እንዳላቸው በሕግ ተጽፏል ማለት ነው። እኛ የምንጨምረው አንድ ቃል ነው፦ ዋጋ ያለው ነገር መዝገብ ሊኖረው ይገባል።

ተከታታይ ፎቶ ምን ይናገራል

አንድ ፎቶ ብቻውን ብዙ አይናገርም። አንድ ደረሰኝ የዓመቱን ሂሳብ እንደማያሳይ ማለት ነው። ከአንድ ቦታ በየዓመቱ የተነሱ አሥር ፎቶዎች ሲደረደሩ ግን ሂሳብ ይሆናሉ። ከአልበሞቻችን ሦስት ገጽ ብቻ እናሳያችሁ።

የመጀመሪያው የጉሊት መደዳው ነው። እንዲህ ያለ ነገር እናገኛለን ብለን አላሰብንም ነበር። ዘመናዊ ቁም ነገር ይገኝ እንደሆነ እንጂ ቲማቲም ቆጥሮ የሚያውቅ የለም። ፎቶዎቹን ስንደረድር ግን መደቡ ዓይን ውስጥ ይገባል። በ2008 ፎቶ ላይ አንድ የቲማቲም መደብ ስድስትና ሰባት ፍሬ ነው። በ2012 አምስት ነው። በ2015 ሦስት ሆኗል፤ ሦስተኛዋም ትንሽዬ ናት። ስለ ኑሮ ውድነት ሰው በሬዲዮ ይሰማል፤ እኛ ግን በመደብ አይተነዋል። እህቶቻችን ደንበኛ እንዳይሸሽ ዋጋውን ከመጨመር ፍሬውን መቀነስ እንደመረጡ ከፎቶው ይነበባል።

ሁለተኛው የማድ ቤቱ በር ነው። በመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች የበሩ መቃን በጥቀርሻ ጠቁሯል፤ የማገዶ ክምሩ ከበሩ በስተግራ ይታያል። በ2010 ፎቶ ላይ ከጣሪያው ሥር ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ የማገዶው ክምር እያነሰ ይሄዳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም፤ መብራት በጠፋ ቀን ማገዶ ያስፈልጋልና። በሩ ላይ ደግሞ በጠመኔ የተጻፈ የተራ ዝርዝር አለ፦ ሰኞ የእነ እገሊት፣ ማክሰኞ የእነ እገሊት እያለ። ሰፈሩ ከተነሳ በኋላ የተበተኑ አባላትን አድራሻ ስናሰባስብ የረዳን ያ የጠመኔ ጽሑፍ ነው። ከኮምፒውተሩ የአባላት ዝርዝር ያልተገኙ ሁለት ደባሎች በበሩ ላይ ስማቸው ተገኝቷል።

ሦስተኛው ቦኖው ነው። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ የቢጫ ጀሪካን ሰልፍ ከፎቶው ጠርዝ ይወጣል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሰልፉ ያጥራል፤ ብዙ ግቢ የራሱን ቧንቧ አስገብቷልና። ቀጥሎ በየግቢው ጣሪያ ላይ ሮቶ ይታያል፤ ውሃ በፈረቃ መሆኑ ነው። አንዲት ጠብታ ሳንጽፍ የአሥር ዓመት የውሃ ታሪክ ተመዝግቧል።

የፎቶዎቹ ጥቅም በወሬ ብቻ የቀረ አይደለም። ባለፈው ዓመት አዲስ ሰፈር ገብታ ንግድ እንደገና ለመጀመር ከማኅበራችን ብድር የጠየቀች አባል ነበረች። የብድር ኮሚቴው እንደ ደንቡ የሥራ ልምድ ማሳያ ጠየቀ። ንግድ ፈቃድ የላትም፤ ጉሊት ፈቃድ የለውም። ከአልበሙ ግን ስምንት ዓመት በተከታታይ፣ በዚያው ቦታ፣ ከዚያችው ጃንጥላ ሥር ተቀምጣ ተገኘች። ኮሚቴው ፎቶዎቹን ከማመልከቻዋ ጋር አያይዞ ብድሩን ፈቀደ። ክፍያዋን እስከ ዛሬ በጊዜው እየከፈለች ነው።

ሚዛኑ

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። የድሮ ፎቶ የሚያይ ሰው ሆዱ ይባባል። ሆድ ሲባባ ደግሞ ሁሉ ነገር ደግ የነበረ ይመስለዋል። የአልበማችን ሦስተኛ ተራ ቁጥር የጋራ መጸዳጃው ነው፤ እሱንም በየዓመቱ አንስተነዋል። በክረምት ምን ይመስል እንደነበር ለማታውቁት ገልጣችሁ እዩት። ሌሊት ልጅ ይዛ ወደዚያ የሄደች እናት ያንን ጊዜ አትናፍቅም። ዛሬ በራሷ በር ቆልፋ፣ በራሷ ቧንቧ ውሃ የምትቀዳ አባል “አልመለስም” ብትል እውነቷን ነው። በዚያው ቀን ደግሞ ሌላዋ አባል አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ ደንበኛ የሚያልፍበት መንገድ አጥታ፣ ለለቅሶ የምትደርስበት እድር ርቋት፣ ለአንድ ጉዞ የምታወጣው የታክሲ ሂሳብ ከትርፏ በልጦባት ታለቅሳለች። እሷም እውነቷን ነው።

የሂሳብ መዝገብ ሁለት ጎን አለው። አንዱን ጎን ብቻ የሚያሳይ ሂሳብ አያስፈርምም። አልበሙ የሚጠቅመው ለትዝታ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሂሳብ ክፍል ባልተቀመጠ ነበር። ጥቀርሻውንም ጉርብትናውንም፣ መጸዳጃውንም የጠመኔውን ተራ በአንድ ገጽ ስለሚያሳየን ነው የያዝነው።

“በፊት” እና “በኋላ”

ለደጋፊዎቻችን ይህን በተለይ እንናገራለን። በእርዳታ ሥራ ውስጥ “በፊት” እና “በኋላ” የሚባሉ ፎቶዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ። በአንደኛው ፎቶ ጨለማ ቤት፣ ጭስ፣ አንገቷን የደፋች ሴት፤ በሁለተኛው ፀሐይ፣ አዲስ ቀሚስ፣ ፈገግታ። እንዲህ ያለው ጥንድ ለመሥራት ቀላል ነው። “በፊት” የሚባለውን ማታ አንስቶ “በኋላ” የሚባለውን ረፋድ ላይ ማንሳት ይበቃል። ፎቶው አይዋሽም ይባላል፤ ሰዓቱን የመረጠው ሰው ግን ሊዋሽ ይችላል።

ማኅበራችን ይህን አያደርግም። በሪፖርቶቻችን የምታዩዋቸው ፎቶዎች ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ርቀት የተነሱ ናቸው፤ ከሥራቸውም ቀኑና አንሺዋ ተጽፏል። ለውጥ ካለ ይታያል፤ ከሌለም አለመኖሩ ይታያል። አንዲት እህታችን የድህነት ማሳያ ሆና እንድትቀርብ አንጠይቃትም። የእናንተ ገንዘብ የሠራውን በዚህ መንገድ ብታዩት ፎቶው ያን ያህል አይደምቅም፤ ነገር ግን ትተማመኑበታላችሁ።

እንዴት እናንሳ

አሁን ወደ ሥራው። አባሎቻችን አብዛኞቻችሁ ካሜራ ያለው ስልክ ይዛችኋል። ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

አንደኛ፣ የማይነቃነቅ ምልክት ምረጡ። ሱቅ ይለወጣል፣ አጥር ይነሳል። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ በር፣ ድልድይ፣ ትልቅ ዛፍ፣ ከኋላ የሚታየው የእንጦጦ ወይም የየረር ተራራ መስመር ግን ቶሎ አይሄድም። ቢያንስ አንዱ በፎቶው ውስጥ ይግባ። በሚቀጥለው ዓመት ያለፈውን ፎቶ በእጃችሁ ይዛችሁ ምልክቱ በዚያው ቦታ እስኪገጥም ወደፊትና ወደኋላ ተራመዱ።

ሁለተኛ፣ ቀኑና ሰዓቱ አንድ ይሁን። ሰኔ 30 ክረምት ነው፤ “ፎቶ በደመና አያምርም” የምትሉን አላችሁ። ለቆጠራ ግን ደመና ይሻላል። ጠንካራ ፀሐይ ግማሹን በጥላ ይሸፍነዋል፤ ደመና ሁሉንም እኩል ያሳያል።

ሦስተኛ፣ ጻፉ። ቀን፣ ቦታ፣ ወደየት አቅጣጫ፣ ማን አነሳ፣ ማን ማን ይታያል። ቀን የሌለው ደረሰኝ እንደማይወራረድ ሁሉ ጽሑፍ የሌለው ፎቶም ከሃያ ዓመት በኋላ “ይሄ የት ነው?” ከማስባል አያልፍም። በታተመ ፎቶ ጀርባ ላይ በእርሳስ በቀስታ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ለፊቱ ይዘልቃል።

አራተኛ፣ ለሂሳብ ክፍል በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ጥራቱን ያጣል፤ ስልኩ ራሱ የመዘገበው ቀንም አብሮት ላይመጣ ይችላል።

አምስተኛ፣ አንድ ቅጂ ቅጂ አይባልም። እኛ አንዱን በኮምፒውተር፣ አንዱን ከቢሮ ውጭ በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱን አሳትመን በአልበም እንይዛለን። ገጹ የሚጣበቅ ዓይነት አልበም አትግዙ፤ ሙጫው ፎቶውን ያበላሻል። ከፀሐይና ከማድ ቤት ጭስ አርቁት።

ስድስተኛ፣ አስፈቅዱ። የሰው ፊት የሚገባ ከሆነ ባለቤቱን፣ ልጅ ከሆነ እናቱን ጠይቁ። ጥበቃ ያለበት ሕንፃ ፊት ለፊት ስልክ ከማውጣት በፊት ጥበቃውን አናግሩ። ቤቷ እየፈረሰ ያለችን ሴት ራሷ “አንሱልኝ” ካላለች አታንሱ። ያን ቀን የምትፈልገው ዕቃ የሚሸከምላት ሰው ነው። አልበማችን ውስጥ የሰው ፊት ያነሰበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ያልፈቀደችውን አላስገባንም።

ከሙሽራዋ ጀርባ

ከ2006 በፊት ያለውንስ ከየት እናምጣ? ከእናንተ ቤት። በየቤታችሁ የሰርግ፣ የክርስትና፣ የምርቃት፣ የማኅበር አልበም አለ። ሰው ሲያየው ሙሽራዋን ያያል። እኛ የምንለምናችሁ ከሙሽራዋ ጀርባ ያለውን እንድታዩ ነው። የቆርቆሮ አጥሩ፣ የሱቁ ሰሌዳ፣ የድንኳኑ ጥግ፣ ዳር ላይ ሳፋ ይዛ የቆመችው ጎረቤት እዚያ ውስጥ አሉ። ሰፈሩን ሊያነሳ አስቦ የመጣ ፎቶ አንሺ አልነበረም፤ ሰርጉን ሊያነሳ የመጣው ግን ሳያስበው ሰፈሩንም አንስቶታል።

አልበሙን አምጡ፤ ፎቶውን አንወስድም። እዚሁ ቢሮ፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ በስልክ ቀድተን ወዲያው እንመልሳለን። ቀለሙ ወደ ቀይ የሄደ የድሮ ፎቶ ካላችሁ አስቀድማችሁ አምጡት፤ ቀለሙ መጥፋቱን አያቆምም። ከፎቶው ጋር ደግሞ ሰዎቹን የሚያውቅ ሰው ይምጣ። ብዙዎቹን ስሞች የሚያውቁት ትልልቆቹ እናቶቻችን ናቸው። ፎቶው ሃምሳ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ስሙን የሚነግረን ሰው ግን ያን ያህል አይጠብቀንም። በውጭ አገር የምትኖሩ የሰፈራችን ልጆችም አልበም ይዛችሁ ሄዳችኋል፤ የናንተን ቅጂ በፋይል ብትልኩልን ከገንዘብ መዋጮ ያላነሰ እርዳታ አድርገን እንመዘግበዋለን።

ለጉባኤው የቀረቡ ሦስት ሐሳቦች

የመጀመሪያው፣ የሰኔ 30 ፎቶ በሁለት ዝርዝር እንዲቀጥል ነው። አሮጌው ዝርዝር ዘጠኙ ቦታዎች ናቸው፤ ዛሬ ሰፊ መንገድ፣ የእግረኛ መሄጃ ወይም አዲስ ሕንፃ ቢሆኑም ከዚያው ቦታ ቆመን እናነሳለን። አዲሱ ዝርዝር አባሎቻችን በገቡባቸው ግቢዎች የሚመረጥ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሥር ጀበና የዘረጋችው እህታችን፣ ከብሎኮቹ መሃል ያለው የጋራ ማብሰያ፣ አዲሱ ጉሊት። እነዚህም ዛሬ ካርታ የላቸውም፤ ነገ ሊነሱ ይችላሉ።

ሁለተኛው፣ ለዚህ ሥራ በዓመት አንድ ጊዜ የአውቶቡስ ኪራይና የፎቶ ማሳተሚያ በበጀት እንዲያዝ ነው። ዝርዝሩ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ አለ። ገንዘቡ ከአባላት መዋጮ እንዲሸፈን እንጠይቃለን እንጂ ለብድርና ለሥልጠና ከተሰጠው ድጋፍ አይነካም። ስለ አውቶቡሱ አንድ ቃል፦ ከተበተንን ወዲህ ሁላችንም አንድ ቦታ የተገናኘንባቸው ቀናት ሁለት ለቅሶና ይህ ጉባኤ ብቻ ናቸው። በዓመት አንድ ቀን ለለቅሶ ሳይሆን ለሥራ ብንገናኝ ማኅበሩን ራሱን ያቆየዋል ብለን እናምናለን።

ሦስተኛው፣ ፎቶዎቹን የሚይዝ ደንብ እንዲጸድቅ ነው። የአባል ፎቶ ያለ ፈቃዷ ለጋዜጣ፣ ለማስታወቂያም ሆነ ለሪፖርት አይሰጥም። አባሏ ሐሳቧን ከቀየረች ፎቶዋ ይወጣል። አልበሙን ማየት የፈለገ አባል ሁሉ በሥራ ሰዓት ማየት ይችላል።

ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት አልበሞቹ በጀርባ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተዋል። ከጎናቸው እርሳስና ደብተር አለ። የምታውቁት ሰው ወይም ቦታ ካገኛችሁ የገጹን ቁጥርና ስሙን ደብተሩ ላይ ጻፉልን። መጻፍ የማትችሉ እናቶቻችን ንገሩን፤ እኛ እንጽፋለን።